ምዕራፍ ሰባት፦ መልሱ ለማን ነው?

ባለፈው ምዕራፍ ስለ ግልጽነት ስናነሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጀቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ ሪፖርቱን አሳትሞ፣ ስብሰባውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ሥራውን ሊያሳይ እንደሚችል አይተናል። አንድ ነገር ግን ሳንነካው አልፈናል። አንድ ሰው ሰሌዳውን አንብቦ «ይህ ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ቢነሳ፣ ወደ ማን ይሄዳል? የሄደበት ሰውስ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት? መልሱ ባያረካውስ? ተጠያቂነት የሚባለው ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ በምዕራፍ ሦስት ካየነው የሥልጣን ውክልና ጋርም የሚገናኘው እዚሁ ላይ ነው። ሥልጣኑን ለሌላ የሰጠ ሰው፣ የተሰጠው ሰው ምን እንደሠራበት የማወቅ መብቱን አብሮ አልሰጠም።

ነገሩን ከብት ባለበት አገር ማስረዳት ይቀላል። ከብቱን ለእረኛ የሰጠ ሰው ማታ በረቱ በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል። ሠላሳ ወጥተው ሃያ ዘጠኝ ከገቡ ይጠይቃል። በዚህ ሰዓት እረኛው ገና ጥፋተኛ አልተባለም፤ ጊደሯ ገደል ገብታ ይሆናል፣ ወንዝ ወስዷትም ይሆናል። ከእረኛው የሚፈለገው መጥቶ እንዲቆም፣ የሆነውን እንዲናገር፣ ለተናገረው ምልክት እንዲያሳይ፣ ከዚያም የባለቤቱን ውሳኔ እንዲቀበል ነው። በባለቤቱ በኩልም የሚያስፈልግ ነገር አለ። ጠዋት ስንት እንደወጡ ያላወቀ ባለከብት ማታ የሚጠይቀው አይኖረውም። የጠየቀውን መልስ ሰምቶ ምንም ማድረግ የማይችል ባለከብትም መጠየቁን ቀስ በቀስ ይተወዋል። ከሁሉም በላይ ቆጠራው በትክክለኛው በር መካሄድ አለበት። እረኛው ቁጥሩን በየማታው ለጎረቤት ሹም በታማኝነት እየተናገረ፣ ባለከብቱ ግን ምንም ሳይሰማ ቢያድር፣ «ይህ እረኛ አይጠየቅም» ማለት አንችልም። ይጠየቃል፤ የሚጠይቀው ግን ባለቤቱ አይደለም።

የዚህ ምዕራፍ ክርክር የሚያርፈው በዚህች የመጨረሻ ነጥብ ላይ ነው። በአገራችን ተጠያቂነት የጎደለው ሕግና ቅጣት ስለሌለ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ሕጉ ግን አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ሆነ ተመራጭ ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው እንዲያነሳ ይፈቅዳል። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992፣ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ተቋቁመዋል፤ የሹማምንትን ሀብት የማስመዝገቢያ ሕግም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ችግሩ በአብዛኛው የአቅጣጫ ነው፤ መልሱ የሚሄደው ጉዳዩ ወደሚነካው ሰው አይደለም። ይህን እንደ ደቡብ ኦሞ አጉልቶ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው።

ጂንካ፣ ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም.

በዚያ ቀን አሥራ ሦስተኛው የአርብቶ አደሮች ቀን በጂንካ ሲከበር፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በአካባቢው ትልቅ የመስኖ ልማት እንደሚካሄድ፣ ኋላ ቀር ሲባል የኖረው ምድርም የፈጣን ዕድገት ምሳሌ እንደሚሆን ተናገሩ። በዓይነቱ ጥሩ ቃል ነበር፤ በቀንና በቦታ የተወሰነ፣ ተናጋሪው የታወቀ፣ በባለጉዳዩ ፊት የተነገረ። በእረኛው ምሳሌ ከሄድን፣ ጠዋት ስንት ከብት እንደወጣ በግልጽ ተቆጥሯል ማለት ነው። ይህ የመስኖ ልማት፣ ማለትም የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ፕሮጀክት፣ ሲታቀድ 175 ሺህ ሔክታር የሸንኮራ አገዳ እርሻና ስድስት ፋብሪካዎች ነበሩት፤ ኋላ ወደ 100 ሺህ ሔክታርና አራት ፋብሪካዎች ዝቅ ተደረገ። አምስቱ ዓመት በ2007 ዓ.ም. ሲያበቃ በኩራዝ አንድም ፋብሪካ ስኳር አላመረተም ነበር። የመጀመሪያውን ፋብሪካ የመገንባት ሥራ የተሰጠው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሁላችንም ሜቴክ የምንለው፣ በጊዜው ሳይጨርስ ቀርቶ ውሉ ተነጠቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በቻይና ተቋራጭ ተሠርተው ሥራ ጀመሩ። አገሪቱ ስኳር ከውጭ ማስገባቷን አላቆመችም።

ከዚሁ ጎን ለጎን የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ነበር። ግንባታው በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2007፣ የተመረቀው ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን በጊዜው የአገሪቱን የማመንጨት አቅም በእጥፍ ገደማ አሳድጎታል። ከግድቡ በታች ያሉት ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ክዌጉ፣ ካሮ፣ ኛንጋቶምና ዳሰነች ግን ከወንዙ ጋር የነበራቸው ውል ሌላ ነበር። ኦሞ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ውኃው ሲሸሽ በቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ፤ በበጋ ያጭዳሉ። ማዳበሪያ የለው፣ ዝናብ መጠበቅ የለው። የግድቡ የአካባቢና የማኅበራዊ ተጽዕኖ ጥናት ይህን አይቷል፤ ለማካካሻም በየዓመቱ ለአሥር ቀን ያህል ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንደሚለቀቅ በጽሑፍ አስፍሯል። ይህም የተቆጠረ ቃል ነው። ግድቡ ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ግን በየዓመቱ ጊዜውን ጠብቆ ለእርሻው የሚበቃው የድሮው ሙላት አልተመለሰም። እዚህ ላይ የዚህ መጽሐፍ ጥያቄ «ግድቡ መሠራት ነበረበት ወይ?» የሚለው አይደለም። የአሥሩን ቀን ጉዳይ የሚጠይቅ የካሮ ወይም የሙርሲ ገበሬ በየትኛው በር ይቆማል?

ወደ ላይ የሚወጣ መልስ

ከመንግሥት ሠራተኛ ሕይወት ውስጥ ስለ ተጠያቂነት ብዙ ሊያስተምረን የሚችለው ግምገማ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር በወረዳ፣ የወረዳ አስተዳዳሪ በዞን፣ የዞኑ በክልል በየጊዜው ይገመገማል፤ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል፤ ሰው ይወርዳል፣ ይዛወራል። ስለዚህ «ሹም አይጠየቅም» የሚለው አነጋገር ከእውነታው ጋር አይሄድም። በእኔ ግምት የኢትዮጵያ የወረዳ ሹም ብዙ ከሚጠየቁ የዓለም ሹማምንት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። የሚጠየቀው ግን ከላይ ነው፤ የሚጠየቀውም የዕቅዱን አፈጻጸም ነው። ስንት አባወራ በመንደር ተሰባሰበ ይባላል፤ የተሰባሰቡት ምን ይበላሉ የሚለው ጥያቄ ከላይ ካልመጣ በሪፖርቱ ውስጥ ሠንጠረዥ የለውም። በሰላማጎ ወረዳ ቦዲና ሙርሲን በመንደር የማሰባሰቡ ሥራ በተካሄደባቸው ዓመታት፣ ለአንድ ሹም ሥራውን የሚያሳጣው ቁጥሩን አለመሙላት ነበር፤ ከብት አርቢውን አለማሳመን አልነበረም። መልስ የሚሰጥበትን በር ያየ ሰው ፊቱን ወደዚያ ማዞሩ የጠባይ ጉድለት አይባልም።

ሁለተኛው የመልስ አቅጣጫ ወደ ውጭ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች በቀጥታ ለመንግሥት በጀት የሚሰጡትን ድጋፍ አቋርጠው፣ በ1998 ዓ.ም. ገንዘቡን በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በኩል ለወረዳዎች ማድረስ ጀመሩ። ፕሮግራሙ «ማኅበራዊ ተጠያቂነት» የተባለ ክፍል ነበረው፤ ተገልጋዮች ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለውኃ ተቋሙ፣ ለግብርና አገልግሎቱ፣ ለገጠር መንገዱ ነጥብ ይሰጡ ነበር፤ ሠራተኞቹ በበኩላቸው ራሳቸውን ይመዝኑ ነበር፤ ከዚያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነጋገሩ፣ የጋራ ዕቅድ ያወጡ ነበር። የፊት ለፊቱ ስብሰባ ከምናውቃቸው የተጠያቂነት መሣሪያዎች ሁሉ ለእረኛውና ለባለከብቱ ቆጠራ የሚቀርበው ነው፤ መድኃኒት የጠፋበትን ምክንያት ነርሷ ራሷ ቆማ ታስረዳለች፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ይታወቃል። ግን የአምስቱን አገልግሎቶች ዝርዝር ደግማችሁ እዩት። ስለ ክትባት መርፌው መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሸንኮራው መስኖ የነጥብ መስጫ ወረቀት አልተዘጋጀም። የትንሹ ነገር መልስ ወደ ታች ይወርዳል፤ የትልቁ ወደ ላይ ይወጣል። በጋምቤላ የመንደር ማሰባሰብ ተጎዳን ያሉ አኙዋኮች በዚሁ ፕሮግራም ላይ ያቀረቡትን አቤቱታ የመረመረው ዋሽንግተን ያለው የዓለም ባንክ የኢንስፔክሽን ፓነል ነበር። አቤቱታው አገር ውስጥ ሰሚ ጉባኤ ቢያገኝ ያን ያህል መንገድ ባልተጓዘ ነበር።

ባለዕዳው ስሙን ሲለውጥ

አሁን ከ2003ቱ የጂንካ ንግግር ጀምሮ ቃል የገቡትንና ያስፈጸሙትን ተቋማት አንድ በአንድ እንፈልጋቸው። ግድቡን ያስጀመረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የስኳር ኮርፖሬሽን ዛሬ የኢትዮጵያ ስኳር ኢንዱስትሪ ግሩፕ ሆኗል። ሜቴክ ስሙም ቅርጹም ተለውጧል። ፕሮጀክቱ ያረፈበት የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል እንደ ቀድሞው የለም፤ ፕሮጀክቱ ከሚነካቸው ዞኖች ካፋና የቀድሞው ቤንች ማጂ በ2014 ወደ ደቡብ ምዕራብ ክልል ሲሄዱ፣ ደቡብ ኦሞ በጥር 2015ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ገብቷል። ከዚያም አሪ ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ ዞን ሆኗል። እያንዳንዱ ለውጥ የየራሱ ምክንያት ነበረው፤ አንዳንዱ ሕዝቡ ለዓመታት የጠየቀው ነው። ድምራቸው ግን አንድ ውጤት አለው፤ የ2003ቱን ቃል ይዞ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው በር ሁሉ «ያኔ እኛ አልነበርንም» የሚል ነው። በአንድ ሹም ደረጃ ይህ አዲስ አይደለም፤ «እኔ ከመምጣቴ በፊት የተሠራ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በወረዳ ቢሮ ያልሰማ ባለጉዳይ የለም። ሐቅም ነው፤ ሰውየው አልነበረም። ለዚህ ነው መልስ የመስጠት ግዴታ ከግለሰቡ ይልቅ ከወንበሩ ጋር መታሰር ያለበት። የተዋሐደ ወይም የተከፈለ ድርጅት የባንክ ዕዳው የትኛው ተተኪ ጋ እንደሚሄድ በማቋቋሚያ ሕጉ ይጻፋል፤ አበዳሪው ባንክ ያለዚያ አይለቀውም። ለሕዝብ የተገባ ቃል ግን በመብትና ግዴታ ማስተላለፊያው አንቀጽ ውስጥ ስሙ ተጠርቶ አይገኝም።

የባለሙያው ፊርማ

እስካሁን ስለ ሹም ነው ያወራነው። ባለሙያው፣ ማለትም መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የሒሳብ ባለሙያው፣ ከሹሙ የሚለይበት ነገር አለ፤ ሥራውን ተራው ሰው ሊመዝነው አይችልም። ስለዚህ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ለሦስት ወገን መልስ አለበት፦ ለቀጠረው፣ ለሙያው ባልደረቦች፣ ሥራው ለሚነካው ሰው። ሦስቱ ሲጣሉ የሚያሸንፈው ከፋዩ ከሆነ ፊርማው ዋጋ የለውም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ሥራው ሳይጀመር እንዲቀርብ ያዛል። የጊቤ ሦስት ጥናት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ይሁንታ ያገኘው ግንባታው ከተጀመረ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጥናቱን የሚያሠራውና ወጪውን የሚሸፍነው የፕሮጀክቱ ባለቤት መሆኑ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም፤ የዓለም አሠራር ነው። ግን ግንቡ እየወጣ ሳለ «ይህ መሠራት የለበትም» ብሎ የሚፈርም ጥናት መጠበቅ ከባለሙያው ጀግንነት መጠበቅ ነው፤ ሥርዓት ደግሞ በጀግና ላይ አይቆምም።

ይህ ድክመት በሀብታም አገርም ምን እንደሚያስከትል መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ ታይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲሞቱ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ባደረገው ምርመራ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑን ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ብሎ የማረጋገጡ ሥራ በከፊል ደመወዛቸውን ከቦይንግ ለሚቀበሉ ሠራተኞች ተሰጥቶ እንደነበር ዘርዝሯል። ቆጣሪው የእረኛው ቅጥረኛ ነበር። ከዚሁ አደጋ የምናገኘው ሌላ ትምህርትም አለ። የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ዓላማው ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም፣ እንዳይደገም ማድረግ ነው፤ የወንጀልና የካሣ ክርክር በሌላ በር ይሄዳል። ይህ መለያየት በተጠያቂነት ላይ ከሚነሱት ሦስት ተቃውሞዎች አንዱን፣ ከባዱን፣ ይመልስልናል።

ተቃውሞው እንዲህ ነው፦ መጠየቅ ሲበዛ ሹም ይፈራል፣ ፊርማ ይሸሻል፣ ሁሉን ነገር ኮሚቴ ላይ ይጥላል፣ ሥራ ይቆማል። እውነት አለበት፤ በየቢሮው የምናየው ነው። ነገር ግን ሹሙ የፈራው መጠየቁን ሳይሆን ሳይጠየቅ መቀጣቱን ነው። ሲያስረዳ የሚሰማው እንደሌለ፣ ቅን ስህተትና ሌብነት በአንድ ሚዛን እንደሚገቡ፣ ነፋስ ሲዞር እንደሚወሰድ ያውቃል። ጊደሯን ጅብ የበላበት እረኛ ካስረዳ በኋላ እንደ ሌባ ከተገረፈ፣ በማግስቱ ከብቱን ከበረት አያወጣም። መድኃኒቱ ማስረጃ የሚሰማ ጉባኤ ነው፤ ቅጣት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለሚገባው ብቻ ነው።

በኦሞ ዳርቻ ያለው ጉባኤ

አንዳንዶች ተጠያቂነትን ከውጭ የመጣ ነገር ያደርጉታል። የደቡብ ኦሞን ማኅበረሰቦች ለዓመታት ያጠኑ የአንትሮፖሎጂ ሰዎች የጻፉት ግን ሌላ ነው። ዴቪድ ተርተን ስለ ሙርሲ እንዳስረዳው፣ ሙርሲዎች የሚያዝ ሹም የላቸውም፤ የጋራ ጉዳይ የሚወሰነው በአደባባይ ክርክር ነው፣ ተሰሚ ተናጋሪም ሥልጣኑ ሰዎች የሚሰሙት እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ኢቮ ስትሬከር በሐመር ያየውም ይመሳሰላል፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ የሚመራ ሰው ምክሩ ከሠመረ ደግሞ ይጠራል፣ ካልሠመረ የሚጠራው ይጠፋል። እረኛው በባለከብቱ ፊት ቆመ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ጸሐፊና ያለ ቃለ ጉባኤ። ይህን እንደ ገነት ማየትም ልክ አይሆንም። በእነዚህ ጉባኤዎች የሴቶች ድምፅ ከወንዶቹ ጋር እኩል አልነበረም፤ ግዴታውም በጎሣው ወሰን ያበቃል፣ ከጎረቤት የተዘረፈ ከብት በዘራፊው ጉባኤ አያስጠይቅም። ቢሆንም፣ ከአንድ ሙርሲ ሽማግሌ ዓይን ሲታይ፣ መጥቶ ተናግሮ በመኪና የሚመለስ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የማይገኝ ባለሥልጣን ከጉባኤ ሥርዓት ውጭ የሆነ ሰው ነው። ሥርዓት ያላወቀው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

የቀሩት ሁለት ተቃውሞዎች ከዚሁ ጋር አብረው ይታያሉ። አንደኛው፣ አገር የምትጠቀምበት ሥራ በጥቂት ሺህ ሰው ጥያቄ ሊቆም አይገባም የሚል ነው። መልስ መስጠት ግን መከልከልን አያመጣም፤ ጠያቂው ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ይሰጠኝ አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 43 ሕዝቡ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ደንግጓል። ጥቅሙ የሚሊዮኖች ከሆነ ይህን በጉባኤ ቆሞ ማስረዳት እንዲያውም ቀላል ነው፤ ከ1,870 ሜጋ ዋቱ ገቢ ውስጥ ማሽላው ለቀረበት ሰው ምን እንደተመደበ መናገርም እንዲሁ። ሁለተኛው፣ አርብቶ አደሩ የውኃ ምሕንድስና አያውቅም የሚል ነው። የሚጠይቀው ግን ስለ ተርባይን አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ በሌሊት ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ገድሏል፤ ግድቡ ሲሠራ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱም እንዲህ ያለውን ሙላት ማስቀረት ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኦሞ ሙላትና የቱርካና ሐይቅ መስፋት አሥር ሺዎችን ከዳሰነች መንደሮች አፈናቅሏል፣ የኦሞራቴንም ከተማ አስግቷል። በዚያ ያለ ሰው የሚፈልገው መልስ ቀላል ነው፤ ውኃ መቼ፣ ምን ያህል ይለቀቃል፣ ከመለቀቁ በፊት ለማን፣ በምን ቋንቋ ይነገራል፣ ሳይነገር ቢቀር የትኛው ወንበር ይመልሳል።

ለዚህ ጥያቄ የተከፈተ አንድ በር በወረቀት ላይ አለ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ ከተከለከለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። የጊቤ ሦስት የውኃ አለቃቀቅ መዝገብ በዚህ መንገድ ሊጠየቅ የሚችል ሰነድ ነው። እንባ ጠባቂው ሲወስን ምን የማስገደድ አቅም እንዳለው፣ ምን እንደሌለው፣ በምዕራፍ ስምንት እንመለስበታለን።